እትዬ ቁርጥ ችሎት ቆሙ

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ ውሃ ሊያጣ ይችላል፤ መብራት ሊያጣ ይችላል፤ መልክ አዋቂ ግን አያጣም። ታውቋቸዋላችሁ። ልጅ ታቅፋችሁ ስታልፉ ከየት መጡ ሳይባል ከተፍ ይላሉ። የሕፃኑን መሸፈኛ ገለጥ ያደርጉና፣ ገና እንኳን አባቱን ሰውም በቅጡ መምሰል ያልጀመረ ፍጡር ላይ አፍጥጠው ፍርድ ይሰጣሉ። «ቁርጥ አባቱን!» ይግባኝ የለውም።

የእኛ ሰፈር መልክ አዋቂ የተከበሩ እትዬ ቁርጥ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን እሱን የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ሥራቸው የተማሪ ደንብ ልብስ መስፋት ነው። የነገሩ ሁሉ መዘዝ እዚህ ላይ ነው፤ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በእሳቸው ሜትር ሥር ያልፋላ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ጨርቅ ማስመሪያ ቁራጭ ሳሙናቸውን በጣታቸው መሃል ይዘው፣ ልጁን እንደ እንዝርት ያሽከረክሩታል። ሌላ ሰፊ ሲለካ ቁጥር ይጠራል። እሳቸው የሚጠሩት ዘመድ ነው። «ትከሻ፣ የአያቱ። ክንድ፣ የእናቱ ወንድም። ወገቡ... ወገቡን እንኳ ከየት እንዳመጣው እሱ ፈጣሪው ይወቅ።» እኔም በልጅነቴ በዚያ ሜትር ሥር አልፌያለሁ፤ ትከሻዬም ተፈርዶበታል።

አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከመሳሳት የሚተርፋቸው ጊዜ ትንሽ ነው። ጡረታ የወጣው ፖስተኛና ሚስቱ ከማሳደጊያ አምጥተው የሚያሳድጉትን ልጅ ያዩ ዕለት፣ «ይሄማ አፍንጫው ሳይቀር አባቱን ነው!» ብለው ማሉ። ፖስተኛው እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአፍንጫው የሚኮራ ሰው ሆነ። ሊጋቡ ቀን የቆረጡ ሁለት ወጣቶችንም «እናንተማ ወንድምና እህት ናችሁ፤ ግንባራችሁ አንድ ነው» ብለው የሁለቱን ወገን አዛውንቶች ዘር ሲያስቆጥሩ አሰነበቱ። ሠርጉ ለጥቂት ነው የተረፈው።

አንድ ጊዜ ደግሞ አራስ ሊጠይቁ ገብተው፣ አባትየው እዚያው ቆሞ፣ «ቁርጥ ተከራያችሁን!» አሉ። ተከራዩ ምስኪን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ለካ ተከራዩ የባልየው የአክስት ልጅ ነው። እትዬ ቁርጥ ይህን ሲሰሙ «አላልኳችሁም?» ከማለት በቀር ያሉት ነገር የለም።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው የሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ በእጃቸው የወደቀው።

ከእትዬ ቁርጥ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የመስታወት ቆራጩ ሱቅ አለ። መስታወቱ ግድግዳውን ተደግፎ ስለሚቆም በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ራሱን ሳያይ አያልፍም። ባለቤቱ ዝምተኛ ሰው ነበር። ደንበኛ መጥቶ የመስኮቱን ልክ ሲነግረው ራሱን ይነቀንቃል፣ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ይሞርዳል፣ ይሰጣል፤ በቃ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት የወጣው እሱን አይቶ ነው እንል ነበር። ሚስት አላገባም። ልጅ ግን ነበረችው፤ ከመድኃኒት ቤቷ ሴት የወለዳት። ሁለቱ ተዋደው ወለዱ፤ እንጋባ ሲሉ ቀን ጠፋ፤ ቀኑ ሲገኝ ተኳርፈው ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደግሞ ቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ነው። መስታወት መቁረጥ የለመደችው ገና ጠረጴዛው ላይ በቅጡ ሳትደርስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። በወረቀት ላይ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው የእናቷ አባት ስም ነው። መስታወት ቆራጩ «ነገ ሄደን እናስተካክለዋለን» ይላል። የሰው መስኮት ለክቶ ቅንጣት የማይስት ሰው፣ የራሱን ጉዳይ ግን ነገ ነገ እያለ አሳደረው። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ከእሱ ጋር ሙሉ ቀን መሥራት በጀመረች ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት መሰላል ላይ እንደቆመ ልቡ ቀጥ አለ። ኑዛዜ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ደህና ሁኚ እንኳ የለ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ እህቱ መጡና ሱቁ ላይ አዲስ ቁልፍ አስገቡ። እህቲቱ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ቀና ብለው የሚሄዱ፣ ሲመጡ ልጅ ብቻ ሳይሆን ወላጅም ሸሚዙን የሚያስተካክልላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያላቸው ወንድም አንድ እሱ ነበር፤ ሐዘኑ አደረቃቸው። «ወንድሜ ሚስት አልነበረውም፤ ሚስት የሌለው ሰው ልጅ ከየት ያመጣል?» አሉ። አጠገባቸው ከተቀመጡት ዘመዶች አንዱ «ዲቃላ ደግሞ መቼ ወርሶ ያውቃል?» ሲል ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ሱቁን ከፈለጉ ይውሰዱት» አለችኝ በኋላ፣ የእትዬ ቁርጥ ስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ። «እጄ ሙያ ይዟል፤ የትም እበላለሁ። አባቴ አይደለም ሲሉኝ ግን ዝም አልልም። የእሱ ስም የእኔ ነው።»

ከሰሰች። ሕጉስ ለእሷ ክፉ አልነበረም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ ከተወለደው እኩል ነው፤ እኩል ስም አለው፣ እኩል ይወርሳል ይላል። ችግሩ ከዚያ በፊት ያለችው ጥያቄ ናት፤ የእሱ ልጅ ነሽ ወይ? አባትየው እንዳይጠየቅ ሞቷል። የደም ምርመራ ሲባል ርዕሰ መምህርቷ «ደሜን ለማንም አልሰጥም» አሉ። የእናቷ ቃልም ብቻውን አይበቃም ተባለ። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ በሰው ፊት፣ ልጄ ብሎ እንደ አባት ይዟት እንደነበር በምስክር ማስረዳት።

ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያን ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ታመመ። የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ወገቡን ያዘው፤ ጫማ አዳሹ ጆሮው አልሰማም አለው፤ ፖስተኛው በዚያ አፍንጫው ጉንፋን ገባበት። አልፈርድባቸውም። ርዕሰ መምህርቷን ማን ያስቀይማል? ልጁ እሳቸው ትምህርት ቤት የማይማር ማን አለ?

ያልታመሙት እትዬ ቁርጥ ብቻ ናቸው። «እኔ እመሰክራለሁ!» ሲሉ የልጅቷ ጠበቃ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እባክሽ፣ ሌላ ሰው ከጠፋ ምስክር ባይኖር ይሻላል» አላት ልጅቷን ቀስ ብሎ። ርዕሰ መምህርቷም ወሬው ደርሷቸው የትምህርት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ላኩ፤ እትዬ ቁርጥ አፋቸውን ካልሰበሰቡ የከርሞው ደንብ ልብስ ሌላ ቦታ ይሰፋል የሚል መልእክት ነው። የእትዬ ቁርጥ እንጀራ ያ ደንብ ልብስ ነው፤ ሌላ የላቸውም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣

«ሂድና በላት» አሉ፤ «አፌ ደንብ ልብስ አይደለም፤ በእሷ ልክ አይሰፋም።»

በቀጠሮው ቀን እኔም ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነው፤ ከመስኮቶቹ የአንዱ መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ልጅቷ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። እትዬ ቁርጥ አለ የሚሉትን ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ፤ ሜትሩን ግን ከአንገታቸው ማውረድ ረስተውታል። ቃለ መሐላቸውን ፈጸሙና ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«ሲጀመር አገጯ...»

የርዕሰ መምህርቷ ጠበቃ ብድግ አለ። ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው፤ ስለ እትዬ ቁርጥ በደንብ ተነግሮታል። ፈገግ አለና፣

«እትዬ፣ መልክ በማወቅ ሰው ሁሉ ያደንቅዎታል» አለ። «ለመሆኑ እኔስ ማንን እመስላለሁ?»

ይህን ጥያቄ ተጠይቀው ዝም ያሉበት ቀን በታሪክ የለም። «ወደ ብርሃኑ ዞር በል እስቲ» አሉት። ዞረ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት፤ ወደ ላይ ወደ ዳኛዋ ወንበር አዩ፤ ፊታቸው በራ።

«አንተማ ቁርጥ ክብርት ዳኛዋን! ቅንድብህ ሳይቀር!»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ሳያስቡት ቅንድባቸውን ነካ አደረጉ። ጠበቃው ሣቁ እስኪበርድ ጠብቆ እጁን ዘረጋ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሯ ለመጣው ሁሉ ዘመድ የሚያድሉ ሰው ናቸው። ጨርሻለሁ።»

ተቀመጠ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔም አለቀ ደቀቀ ብዬ በሆዴ እትዬ ቁርጥን ረገምኳቸው።

ዳኛዋ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እትዬ፣ መልኩን እንተወው። እዚህ ቤት መልክ አይፈርድም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልማድዎ ይህ ከሆነ፣ ሟቹንም ‹ልጅቷ ቁርጥ አንተን› ይሉት ነበር፤ አይደል? እሱስ ምን ይል ነበር?»

እትዬ ቁርጥ ዕድሜ ልካቸውን ፈርደው ሄዱ እንጂ ሰው ምን መለሰ ብለው አስበው አያውቁም። ሜትሩን በጣታቸው ማጠንጠን ጀመሩ።

«ምን ይላል? የሚለውማ ያው ነው።»

«ያው ምን?»

«‹ታዲያ ልጄ አይደለች እንዴ!› ነዋ።»

የጠበቃው ፈገግታ ቆመ። ዳኛዋ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ይህን ያለው አንድ ቀን ነው?»

«ምን አንድ ቀን! ቀን በቀን ነው እንጂ። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ ከዚህ ማዶ ‹ቁርጥ አንተን!› እላለሁ። እሱ ከዚያ ማዶ ‹ታዲያ ልጄ አይደለች እንዴ!› ይለኛል። መንገዱ የመኪና ነው፣ ሳይጮሁ አይሰማም። እኔም እጮሃለሁ፣ እሱም ይጮሃል። የማይሰማ ማን አለ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁላችንም እንሰማው ነበር። እንደ መኪና ጡሩምባ፣ እንደ ዳቦ ቤቱ በር ሲጢጢታ ለምደነው ጆሮ መስጠት ትተን ነው እንጂ። ያ ከሰው ጋር ሁለት ቃል የማይለዋወጥ ዝምተኛ ሰው በቀን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጮህ ነበር፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ይህቺው ናት።

«ሌላ ሰው በተገኘበት ያለው ነገርስ አለ?» አሉ ዳኛዋ።

እትዬ ቁርጥ አሁን ሞቃቸው። «አለ እንጂ! ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን ነው። ወላጅ ሱቄ ሞልቷል። ይቺን ልጅ ስለካት ግንባሯ የአባቷ ነው አልኩ፤ ሰዉ ነው አይደለም እያለ ተከራከረ። እሺ ኑ እንይ! ብዬ እጇን ይዤ መንገዱን አሻገርኳት። ከአባቷ ጋር ትልቁ መስታወት ፊት ጎን ለጎን አቆምኳቸው። እሱ ሥራዬን አስፈታሽኝ ያለ እንደሆነ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። ሰው ሁሉ አየ። ግንባሯ የእሱ ነው አልኩ። ሁሉም ተቀበለ። አንዷ ብቻ እምቢ አለችኝ።»

«ማን?»

እትዬ ቁርጥ የሜትራቸውን ጫፍ እንደ ጣት ዘረጉት። ወደ ርዕሰ መምህርቷ ነው።

«እሷ ናታ! የልጆቹን ልብስ ልታይ መጥታ ነበር። ‹አይደለም እትዬ፤ ግንባሯ የእናታችን ነው። እኛ ቤት ይህ ግንባር ከእናታችን ነው የመጣው› ብላ በሰው ፊት ሞገተችኝ። እስከ ዛሬም አልተቀበልኳትም!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ጠበቃው ከመቀመጫው ግማሽ ተነስቶ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ጆሮ ጎንበስ አለ፤ «አላስታውስም ይበሉ» ሲል ከኋላ ወንበር እንኳ ይሰማል። ዳኛዋ «እውነት ነው? ብለዋል?» ብለው ጠየቁ።

ርዕሰ መምህርቷ ቀስ ብለው ተነሱ። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን በሙሉ ልጆችን ፊታቸው አቁመው «እውነቱን ብቻ» ሲሉ የኖሩ ናቸው፤ እኔንም ጭምር። አሁን እሳቸው ናቸው የቆሙት። ልጅቷን አዩ። ከቀብሩ ወዲህ ቀጥታ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ልጅቷም ቀና አለች፤ ያ የተሟገቱበት ግንባር የመስኮቱ ብርሃን አረፈበት።

«ብያለሁ» አሉ። ጠበቃው ተመልሶ ቁጭ አለ። «እናቴን ነው የምትመስለው። አሁንም እንደዚያው ነው። ወንድሜን ከቀበርኩ ወዲህ... እሷን ማየት እሱን ማየት ሆነብኝ። ማየት አልቻልኩም።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሰፈሩ በሽታ ሁሉ በአንድ ቀን ለቀቀ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ወገቡን ቀጥ አድርጎ መጣ፤ የጫማ አዳሹ ጆሮ ተከፈተ፤ እንዲያውም የመስታወት ቆራጩን ድምፅ አስመስሎ «ታዲያ ልጄ አይደለች እንዴ!» ብሎ ሲጮህ ጠባቂው ሮጦ ገባ። ርዕሰ መምህርቷ የሚከራከሩት ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ዳኛዋም ፍርዱን አነበቡ። ልጅቷ የሟቹ ልጅ ናት። ወላጆቿ አለመጋባታቸው ከልጅነት መብቷ አንዳች አይቀንስም። ስሙ ስሟ ነው፤ ውርሱም የእሷ ነው።

ጸሐፊው ፊርማዋን ሊቀበል ስሟን ጠራ፤ ስሟን ከነአባቷ። እንደዚያ ስትጠራ በሕይወቷ የመጀመሪያ ነው።

«አቤት!» አለች። ያ ክፍል እንደዚያ ያለ አቤት ሰምቶ አያውቅም፤ ከማዶ ማዶ የሚያሰማ፣ የመኪና መንገድ የሚሻገር ድምፅ ነበር። ችሎት ውስጥ ማጨብጨብ ክልክል ነው። እኛ ግን አጨበጨብን፤ ዳኛዋም ያን ጊዜ ወረቀታቸውን እየፈለጉ ስለነበር አላዩንም።

መተላለፊያው ላይ ርዕሰ መምህርቷ ከቦርሳቸው የሱቁን ቁልፍ አወጡ። ብዙ ሊናገሩ ያሰቡ ይመስላል፤ የወጣቸው ግን «ሲከፈት ያስቸግራል፤ ወደ ላይ ሳብ አድርጊው» የሚል ነው። «እሺ፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ። ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ ቁርጥ መሃል ገብተው አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ።

«ወይ ጉድ! ስታለቅሱ እንኳ ቁርጥ አንድ ናችሁ!»

«አሁንስ አበዙት፣ እትዬ!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ በአንድ ግንባር።

የከርሞው ደንብ ልብስ እዚያው እትዬ ቁርጥ ጋ ተሰፋ። ርዕሰ መምህርቷ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር፤ ልጆቹ ሲለኩ ዘመድ አይጠራም የሚል። እስከ ረፋድ ድረስ ተከብሯል። ልጅቷም ሱቁን በከፈተች ሰሞን መሰላሏን ተሸክማ ሄዳ የችሎቱን የተሰነጠቀ መስታወት በነፃ ቀየረችው።

ለመሆኑ የእኔ ትከሻስ? እኔ አባቴን አላውቀውም። እናቴ ብቻዋን አሳደገችኝ፤ ስለሱ አንስታ አታውቅም። ትምህርት ቤት ልገባ ስል እትዬ ቁርጥ ሱቅ ተሰልፌ፣ ከፊቴ ያሉት ልጆች አገጭና ክንዳቸው ለየዘመዱ ሲታደል እየሰማሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ዝም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር። ዝም አላሉኝም። ሜትሩን ከትከሻ ትከሻዬ ዘረጉና «ቁርጥ የአባትህ ትከሻ!» ብለው ጮሁ። ያን ዓመት ሙሉ ትከሻዬን ቀጥ አድርጌ ሄድኩ።

ከፍርዱ በኋላ አንድ ቀን ሱቃቸው ገብቼ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ አባቴን የት ነው የሚያውቁት?»

«እኔ አባትህን የት አውቀዋለሁ?» አሉ መርፌያቸው ላይ ክር እየሰኩ። «ወደዚህ ሰፈር የመጣሁት አንተ ከተወለድክ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ትከሻው?»

«ትከሻ ያለ አባት ይመጣል እንዴ?» ቀና ብለው አዩኝ። «አባት የሌለው ልጅ የለም፣ ልጄ። የሚጠፋው ‹አባት አለህ› የሚለው ሰው ነው።»

ባለፈው ሰሞን ልጄን ደንብ ልብስ ላስለካት ወሰድኳት። የመጀመሪያዋ ነው። ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጣቷ እናቷን ናት፤ ከእኔ የወሰደችው አንዳች ነገር እንደሌለ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። እትዬ ቁርጥ አሽከረከሯት፣ ለኳት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሯት፤ ከዚያ እስከ መንገዱ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ፈረዱ።

«ቁርጥ አባቷን!»

ውጭ አንድ የጭነት መኪና እያጓራ ያልፍ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ትከሻዬን ቀጥ አደረግሁ፤ ከመኪናው በላይ ጮህኩ።

«ታዲያ ልጄ አይደለች እንዴ!»

ከማዶ፣ ከመስታወቶቹ መሃል፣ ባለሱቋ ቀና ብላ እጇን አነሳችልኝ። ሰምታለች።